ጣሪያ ላይ የወጡት መስታወቶች

ጥርሴ የበለዘ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀሪው ነገር ሁሉ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። ያደግኩት ከደራ ወደ ውስጥ ገባ ባለች መንደር ነው። የመንደራችን የጉድጓድ ውሃ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፣ ለምላስም አይከፋም፤ ግን ፍሎራይድ የሚሉት ነገር በዝቶበታል። በልጅነቱ እሱን እየጠጣ ያደገ ሰው ቋሚ ጥርሱ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ቢቦርሹት፣ በመፋቂያ ቢፍቁት፣ በከሰል ቢያሹት አይለቅም። እኔ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ለትምህርት አዳማ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የዶርም ልጅ ገና ስሜን ሳትጠይቀኝ "የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነሽ አይደል?" ብላኛለች።

እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝም እሷ ናት። የእሷ ጥርስ ከኔም ይብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያያት የመጣው ሰው ቤታችን ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ምክንያቱን ማንም አልተናገረም፣ ሁላችንም ግን አውቀነዋል። ኋላ ደህና ሰው አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ጡት ስትጥል እህቴ አንድ ነገር ወሰነች፤ ይቺ ልጅ የጉድጓዱን ውሃ አትቀምስም። ከደራ ከተማ ቦኖ ውሃ የሚያመጣላት ባለጋሪ ያዘች። ለልጅቷ ብቻ የተለየች አንዲት ጀሪካን ነበረች፤ የቀረው ቤተሰብ የጉድጓዱን ይጠጣል። ባሏ አንድ ቀን ከእርሻ ጉሮሮው ደርቆ ገብቶ ከዚያች ጀሪካን ቢጠጣ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። እህቴ በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ሰው ናት።

እኔ ደግሞ አዳማ ላብራቶሪ ውስጥ መስታወት አለብስ ነበር። የማስተርስ ሥራዬ እሱ ነው፤ በመስታወት ላይ የቲታኒየም ኦክሳይድ ስስ ሽፋን መሥራት። ነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው ያው ነገር ነው፤ እኔ የምሠራው ግን ዓይን የማያየው ቀዳዳ የበዛበት ቀጭን ቆዳ ነው። ፈሳሹን በአልኮልና በአሲድ እበጠብጣለሁ፣ ሳሙና መሰል ነገር እጨምርበታለሁ፣ መስታወቱን እነክርና በጣም ቀስ ብሎ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ ሲደርቅ ፈርነስ በሚሉት የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በእሳቱ ሳሙናው ተቃጥሎ ይጠፋና የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ዳቦ ሲቆረስ ውስጡ እንደሚታየው ዓይነት፣ ግን እጅግ በጣም ደቃቅ። ቀዳዳው በበዛ መጠን ውሃ ውስጥ ያለው ቆሻሻ የሚያርፍበት ቦታ ይበዛል። ፀሐይ ስትመታው ሽፋኑ በብርሃኑ ጉልበት ያረፈበትን ቆሻሻ ይሰባብረዋል።

እንዲህ ሲያወሩት ቀላል ነው። መስታወቱን በዝግታ የሚያወጣ ማሽን አልነበረንም። ስለዚህ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ፈሳሹ ይንቀሳቀስ ብዬ ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። መስታወቱን በክር አንጠለጥልና ፈሳሹን ከሥር በጠብታ አስወጣዋለሁ፤ የፈሳሹ ወለል ሲወርድ መስታወቱ ላይ ስስ ነገር ትቶ ይሄዳል። ከዚያ የአዳማ ንፋስ አለ። በሩን ዘግቼ፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ጠቅጥቄ፣ መስኮቱን በፕላስተር አሽጌም አቧራው ይገባል። አንዲት ብናኝ እርጥቡ ሽፋን ላይ ካረፈች ፈርነስ ውስጥ ከእሷ ተነስቶ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል። እሳቱ መሀል ላይ ሲቋረጥ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ አገኘዋለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ የሠራሁት ሥራ የተሰነጠቀና የተላጠ መስታወት መጣል ነበር። ግልፍተኛ ነኝ፤ አንድ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰብሬያለሁ፣ ከዚያ ራሴው ጠርጌያለሁ።

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ሽፋኑ ሳይሰነጠቅ ወጣ፤ ወደ ብርሃን ሳዞረው የቀስተ ደመና ቀለም ነበረው። በሰማያዊ ማቅለሚያ የተበጠበጠ ውሃ ውስጥ ነክሬ ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። ብቻዬን ጮኽኩ። ያንን ለሰው ማሳየት ነበረብኝ፤ ከሰውም ሁሉ በላይ ለእህቴ ባል።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መቀለድ ይወዳል። በመጣሁ ቁጥር ከደጅ ሲያየኝ "ብርጭቆ አጣቢዋ መጣች! አካም ጂርታ?" ይላል። ሌላው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይጨሳል። እነሱ በቆሎ ሲሰበስቡ እኔ ዓመት ሙሉ መስታወት ሳለብስና ስጥል እንደነበር ማን ያስረዳል? ለአረፋ ስሄድ አራት መስታወቶች በሶፍት ጠቅልዬ፣ በትንሽ ጠርሙስ ሰማያዊውን ማቅለሚያ ይዤ ሄድኩ።

ሁለት ብርሃን የሚያሳልፉ የፕላስቲክ ዕቃዎች ለመንኩ። በሁለቱም ውሃ ሞልቼ ሰማያዊውን ጠብ አደረግኩ፤ በአንደኛው መስታወቶቹን ዘረጋሁበት፣ ሌላውን መስታወት ሳላስገባበት ተውኩት፣ ዝቅተኛው የማድ ቤት ቆርቆሮ ላይ አወጣኋቸው። ሰዉ በልቶ፣ ሰግዶ፣ ተጫውቶ ሲመለስ መስታወት የሌለበት እንደ ሰማያዊነቱ ነው። መስታወት ያለበት የመጠጥ ውሃ መስሏል። የእህቴ ባል ዕቃውን አንስቶ ከላይም ከታችም አየው፤ የሚቀልድበት ቃል አላገኘም። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አባቱ፣ የእህቴ አማት፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥርሳቸው እንደኛው ነው፣ ወገባቸውም ከጎበጠ ቆይቷል። ዕቃውን ተቀብለው ካዩ በኋላ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ጥርስ የሚያበልዘውንስ ያወጣዋል?"

ለእሳቸው ነገሩ ቀጥተኛ ነው። የኛ ውሃ ጥርስን ያቀልማል፤ ይህ መስታወት ደግሞ ቀለም ያጠፋል። በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ወደዚያው ነው የሚያስበው። መልሱ ግን አያወጣም ነው። ማቅለሚያው ከብዙ ነገር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑ ይሰባብረዋል፤ ፍሎራይድ ግን ራሱ ስባሪ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰበር ነገር የለውም። መስታወቱ ውሃው ውስጥ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ፍሎራይዱ እንዳለ ይኖራል። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። "አይ አባባ፣ እሱን እንኳን አያወጣም" ማለት ነበረብኝ። የእህቴ ባል እያየኝ ነበር። እህቴም ልጇን ታቅፋ ታየኝ ነበር።

"አዎ አባባ፣ ያወጣዋል" አልኩ።

ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እጁን ለዱዓ ከዘረጋ ሁሉም እጁን ይዘረጋል፣ ወሬ ይቆማል። "ገለቶሚ፣ ተመስገኚ ልጄ! አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ፣ ለወገን የምትተርፊ ያርግሽ፣ የልጆቻችንን አፍ ያብራብሽ" ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። በየመሀሉ "አሚን" ይባላል። እኔም እጄን ዘርግቼ በገዛ ውሸቴ ላይ አሚን እያልኩ ነበር። ከምርቃት በኋላ ቃልን መመለስ እንዴት እንደሚቻል አላወቅኩም። ለእህቴ ብቻዋን እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስሸኝ መስታወቶቹን "ለትዝታ ተዪልኝ" አለችኝ፣ ተውኩላት።

አዳማ ተመልሼ የማስተርሱን ጽሑፍ መጻፍ ያዝኩ። መግቢያው ላይ ሥራዬ በስምጥ ሸለቆ በፍሎራይድ ለሚቸገሩ ሰዎች እንደሚጠቅም አንድ ዓረፍተ ነገር ከትቼ ነበር። አማካሪዬ ከሥሩ በእርሳስ አስምሮ "ይሄ ከሥራሽ ጋር ምን አገናኘው?" ብሎ ጻፈበት። ፊቴ ጋለ፤ ያኔውኑ ሰረዝኩት። ከወረቀት ላይ ለመሰረዝ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስልክ አንስቶ ለእህቴ መደወልም ከዚያ አይበልጥም ነበር።

እሷ ግን ትደውላለች። አንድ ቀን "መስታወቱ አቧራ ይዞ ደብዝዟል፣ በሳሙና ልጠበው?" አለችኝ። "እንዳትነኪው በሳሙና! ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በንጹህ ውሃ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አድርጊው" አልኳት። ስለ ሥራዬ ከአማካሪዬ በቀር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ደስም አለኝ። ለምን ትጠቢዋለሽ አላልኳትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ በክረምት ደመና ሲሆን ሁለት ቀን ይቆይ ወይ አለችኝ። የሚቆየው ምንድን ነው አላልኩም። "ይቆይ" አልኩ። አላወቅኩም ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አውቄያለሁ። አውቄ፣ ዛሬ የማስተምራቸውን ልጆች ፈተና ላርም፣ ነገ ናሙና ላቃጥል፣ ሲመቸኝ በአካል እነግራታለሁ እያልኩ ገፋሁት። ከአዳማ ደራ ምን ያህል መንገድ ነው? ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ሰው ስንት አለ። እኔ ዓመት ከመንፈቅ አልሄድኩም። እሷ አዳማ ለገበያ ስትመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች፤ ልጅቷን ታሳየኛለች፣ ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ወሬውን ወደ ሌላ እወስዳለሁ።

የሄድኩት ተመርቄ ነው። ልጅቷ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ገና ከግቢው ስገባ ዓይኔ ወደ ማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሄደ። አንድ ሰፊ ብርሃን የሚያሳልፍ ሳፋ አለ፤ በላዩ ስስ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ውስጡ ሁለት መስታወቶች ተጋድመዋል።

እህቴ እጄን ይዛ እየጎተተች አሳየችኝ። ውሃውን በጠዋት ትሞላዋለች፤ ዝንብ እንዳይገባ ጨርቅ ታለብሰዋለች፤ የጨርቁ ጥላ ብርሃን እንዳይቀንስ ደግሞ በጣም ስሱን መርጣለች። መሀል ላይ መስታወቶቹን ትገለብጣቸዋለች። ከሰዓት በኋላ አሱር ሲሰገድ ታወርደዋለች። በጣቷ የመስታወቱን ፊት አትነካም፣ ጠርዙን ብቻ ይዛ ነው የምታነሳው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪዎችን በስንት ቁጣ የማስተምረውን እሷ ማንም ሳይነግራት ታደርገዋለች። "ባለጋሪውን ካሰናበትኩት ቆየ" አለችኝ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ በአንቺ ተገላገልን።" ልጅቷ እየሮጠች መጣች፣ ከሳፋው በኩባያ ቀድታ ፊቴ ላይ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

ቤት ገብተን ተቀምጠን ነገርኳት። እንደ አስተማሪ አላብራራሁም። "እትዬ፣ ያ መስታወት ጥርስ የሚያበልዘውን አያወጣም። ያን ቀን የዋሸሁት ነው" አልኳት።

"ምንም አያወጣም?"

"ምንም።"

"ጥቂት እንኳ?"

"ጥቂትም።"

አልጮኸችም። ልጅቷን ጠርታ ጉልበቷ መሀል አቆመቻት፣ በሁለት ጣቷ ከንፈሯን ከፍታ አየች። የወተት ጥርሶቿ ነጭ ናቸው። ዞራ እኔን አየችኝ፤ በዓይኗ እንደገና ውሸታም እንድሆንላት የለመነችኝ መሰለኝ።

"እነዚህ አይደሉም" አልኳት። "ቋሚው ገና ድዱ ውስጥ ነው። የሚበላሸው ከመውጣቱ በፊት እዚያው ውስጥ ሲሠራ ነው።"

"እና ተበላሽቷል?"

"አላውቅም። እስኪወጣ ድረስ ማንም አያውቅም።"

አሁንም አናውቅም። ይህን ስጽፍ የልጅቷ የታችኛው የፊት ጥርስ መነቃነቅ ጀምሯል። እህቴ ከዚያው ቀን ጀምሮ ልጅቷን ወደ ቦኖው ውሃ መልሳታለች፣ ግን ያ ዓመት ከመንፈቅ የተጠጣ ውሃ ነው፤ ከልጅቷ ድድ ውስጥ የማወጣበት መንገድ የለኝም። ስለ ቀዳዳና ስለ ብርሃን የማውቀው ሁሉ እዚህ ላይ አንዲት ነገር አይረዳኝም። አፍራለሁ። ሌላ ቃል የለውም።

እህቴ ከዚያ ተነስታ ሳፋውን አወረደች፣ ውሃውን ደጅ ደፋችው፣ ሁለቱን መስታወቶች አደራርቃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አራት ነበሩ። ሌሎቹ የት እንዳሉ ልጠይቃት ስል ቀድማኝ ተናገረች። ሁለቱን ለጎረቤቷ ሰጥታለች። ጎረቤቷ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ እህቴ ራሷ አጠቃቀሙን አሳይታ፣ "እህቴ የሠራችው ነው፣ ተምራ ነው" ብላ ነው የሰጠቻት። እነዚያን ልጆች ከዚያ በፊት ፍሎራይድ የማይበዛበትን የወንዝ ውሃ አፍልታ ታጠጣቸው ነበር፤ መስታወቱ ሲመጣ ቅርብ ወዳለው ጉድጓድ ዞረች።

"ተነሺ" አለችኝ እህቴ። ነጠላዋን ለበሰች። ሦስት ቤት ያህል ተራመድን። መንገድ ላይ የምለውን አሰላሰልኩ፤ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አውቄ ነው የዋሸሁት፣ ይቅር በይኝ። ዓረፍተ ነገሩ ዝግጁ ነበር።

ጎረቤቷ ስታየኝ ደስ አላት። በርጩማውን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ አስቀመጠችኝ፣ "ምሁሯ መጣችልን፣ ማሻአላህ!" አለች፣ ለኔ ብላ ወተት አስቀዳች። ልጆቿ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ኩባያው እጄ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ወደ ኩባያው አቀረቀርኩ።

እህቴ ጠበቀችኝ። በደንብ ጠበቀችኝ። ከዚያ ራሷ ጀመረች።

"ያን መስታወት መልሽልኝ" አለቻት። "ለጥርሱ አይሠራም። እሷስ ያኔውኑ በግልጽ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ አምታትቼ ለአንቺም የነገርኩሽ። ልጆቹን ወደ ቀድሞው ውሃ መልሻቸው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

ሴትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ልጆቿን አየች፣ ከዚያ በእህቴ ላይ ጮኸች። ከልጆቼ ጋር ምን ነበረሽ አለቻት፣ ማን ለምኖሽ ነው አለቻት፣ ሌላም ሌላም። እህቴ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለች። ሴትየዋ ሲደክማት ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋ ወዲያው ለሰለሰ።

"አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ያልተማረ ሰው የነገሩትን አይሰማ። ወተቱን ጠጪ እንጂ።"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ጠጣሁም።

መስታወቶቹን ተቀብለን ወጣን። እህቴ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። አጥሩን ካለፍን በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኳት።

"ነገ በእውነት የሚሠራ ነገር ይዘሽ ብትመጪ ማን ይሰማሻል?" አለችኝ ሳትዞር። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች።

"ዝም ማለትሽ አልከፋኝም" አለች። "ራስሽን ስትነቀንቂ ግን አየሁሽ።"

ከዚያ እንደ ወትሮው እስከ ታክሲው ሸኘችኝ።